የተጋደመው ሽቦ

ባለቤቴ ሬዲዮዬን «ጣውንቴ» ብላ ነው የምትጠራው። «ዛሬም ጣውንቴ ዘንድ ነህ?» ትለኛለች ደረጃውን ወጥታ ምሳ ስታመጣልኝ። እኔም ነገር አላሳድርም፤ «ጣውንትሽ ቢያንስ ስናገር ታዳምጠኛለች» እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንጎነታተል ኖረናል።

ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። የምንኖርበት ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊፍትም የእኔው ታማሚ ነው። በዚህ ሰበብ ከጣሪያው ሥር ያለችውን የሞተር ክፍል አስፈቅጄ ግማሿን ለሬዲዮዬ ወስጃለሁ። በአንድ በኩል ግራሶ የጠጣው ሞተርና የብረት ገመዱ፣ በሌላው በኩል ጠረጴዛዬ፣ ሬዲዮዬ፣ ፊደልና ቁጥርን በነጥብና በሰረዝ የምልክበት የሞርስ መምቻዬና ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ካርታ አሉ። ለዚህ ነገር ፈቃድ አውጥተን፣ ለፍቅሩ ብለን እንጂ ለደመወዝ ሳይሆን ከሩቅ ሰው ጋር የምንነጋገር ጥቂት ሰዎች አለን። «በስልክ ዘመን ይሄ ምን ይፈይዳል?» የማይለኝ ሰው የለም። ስልክ ምሰሶ ይፈልጋል፤ ምሰሶ ደግሞ ሰው በሌለበት አይተከልም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ! ሰሚው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ከሦስት ልጆቻችን ይህን ፍቅር የወረሰችው የመጨረሻዋ ናት። ቁጭ ማለት ስለማታውቅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፌንጣ ነው የምንላት። አሁን የደን ባለሙያ ሆናለች፤ ሰው ወደማይኖርበት ጫካና ገደል እየሄደች ዛፍ ትቆጥራለች። ያን ሳምንት ከመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ጋር ሁለት ሆነው ወጥተው ነበር። ሾፌሩ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቦርሳዋ ውስጥ ጡብ የምታክል ሬዲዮ፣ አንድ ትንሽ ባትሪና ለአንቴና የሚሆን አንድ ጥቅል ሽቦ ይዛለች። ሁሉንም የሰጠኋት እኔ ነኝ። አጠቃቀሙንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ከነስህተቱ።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ምሳዬን ጨርሼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ከማድረጌ የጋጋሪዋ ድምፅ መጣ። ጋጋሪዋ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ዳቦ ቤት ያላት ሴት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት በድምፅ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ሁልጊዜ ከጀርባዋ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ይጮሃል። ያን ቀን አይጮህም ነበር።

«ወንድሜ፣ አለህ?»

«አለሁ። ምነው ማሽንሽ ተበላሸ እንዴ?»

«አጥፍቼው ነው። ቀልዱን ተውና ስክሪብቶ ያዝ። ልጅህን ሰምቻታለሁ።»

እጄ በራሱ ስክሪብቶውን ያዘ፤ የአርባ ዓመት ልማድ ነው።

«በሞርስ ነው የላከችው፣ በጣም ቀጭን ነው የምትሰማኝ። እንዳለ አነብልሃለሁ። ‹መኪና ገደል ገባ። ሾፌር እግሩ ተጨፍልቋል። ደም አስሬያለሁ። እኔ ደህና። ቶሎ ድረሱ።› ከዚያ ያሉበትን ቦታ በካርታ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ላከች፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ግን ጠፉብኝ። ሦስቴ አስደገምኳት፣ ሦስቴም ጠፉ።»

እንዳለ ማንበብ በእኛ ዘንድ ሕግ ነው። የሰው መልእክት ስታስተላልፍ ቃል አትጨምርም፣ ቃል አትቀንስም። የተሳሳተ ቢመስልህም እንዳለ ታሳልፈዋለህ፤ መልእክቱ የላኪው ነውና። ይህን ሕግ ለፌንጣ ያስተማርኳት ገና ፊደል ስትቆጥር ነው።

ባለቤቴ ሳህኔን ልታነሳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አይታ «ምንድን ነው?» አለች።

«ፌንጣ ናት። መኪናው ገደል ገብቷል። እሷ ደህና ናት፣ ሾፌሩ ተጎድቷል።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳህኑን በቀስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች። «ስልኩን ስጠኝ። አንተ ጆሮህን አትንቀል፤ እነሱን እኔ አናግራለሁ።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልኩ የእሷ ሆነ።

የነፍስ አድን ማዕከሉ አስተባባሪ በድምፁ ገና ወጣት ነው። ያለንን ቁጥር ከሰማ በኋላ «እናቴ፣ ቁጥሩ ጎደሎ ነው» አላት። «በዚህ ቁጥር ገደሉ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ያለችን ትንሿ ሄሊኮፕተር ናት፤ ነዳጇ ደርሳ ለመመለስ እንጂ ለፍለጋ አይበቃም። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ገደል ውስጥ መብረር አይቻልም። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች አምጡልኝ፣ ወዲያው ትነሳለች።»

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። ሁለት ቁጥር ከተገኘ ዛሬ ይወጣሉ፣ ካልተገኘ አይወጡም።

የሊፍቱ ሞተር በዞረ ቁጥር ማዳመጫዬ ውስጥ ስለሚያጉረመርም ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አድርጌ ዘጋሁት። ከዚያ ፌንጣ የላከችበት ሞገድ ላይ ሬዲዮውን አድርጌ አዳመጥኩ። ፉጨት፣ ሹክሹክታ፣ ሌላ ምንም። ሺህ ኪሎ ሜትር ያለችው ጋጋሪ ትሰማታለች፤ ዘጠና ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከተራራው ወዲህ ያለሁት አባቷ ግን እንደ ደንቆሮ ተቀምጫለሁ።

«እኔም እየራቀችብኝ ነው» አለች ጋጋሪዋ። «ፀሐይ ስታዘነብል ይሄ የሞገድ መንገድ እንደሚዘጋ ታውቃለህ። ሩብ ሰዓት ብናገኝ ነው። ለመሆኑ ሽቦውን እንዴት አድርጋ ነው የሰቀለችው?»

«እንዳስተማርኳት ነዋ። ረጅም ዛፍ ላይ፣ ቀጥ አድርጋ።»

«ወንድሜ፣ እንግዲህ አትቆጣ» አለችኝ።

«ተናገሪ።»

«የቆመ ሽቦ ወደ ሩቅ ነው የሚወረውረው። ለዚህ ነው እኔ የሰማኋት። ከራሷ በላይ ግን ምንም አይልክላትም። አንተ ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሰማይ ወጥቶ፣ ከተራራው በላይ ዞሮ መውረድ አለበት። ታጋድመው። በደረት ቁመት፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ።»

ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አንብቤዋለሁ። ግን ሽቦ መሬት አጠገብ መዘርጋት ልብስ ማስጣት ይመስለኝ ነበር። ልጄን ከፍታ፣ ከፍታ፣ ከፍታ እያልኩ ነው ያሳደግኳት። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «ሽቦ እንደ ሰው ነው፣ ቀና ሲል ነው የሚከበረው» ብዬ ያስጨበጨብኩ ሰው ነኝ። ያ ጭብጨባ አሁን ጥፊ ሆኖ ተመለሰብኝ።

«ላኪላት» አልኩ። «አባትሽ ተሳስቷል፣ አጋድሚው ብለሽ ላኪላት።»

«‹አባትሽ ተሳስቷል› የሚለውን አልልክም፣ የልጅቷን ባትሪ ይፈጃል» አለችኝ።

ጋጋሪዋ ስትመታ ሰማኋት፤ የእሷ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ጋጋሪዋ መጣችና «‹እሺ› ብላለች። ከዚያ በኋላ የለችም፣ ሽቦውን አውርዳው መሆን አለበት» አለች። ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር።

ሽቦ ከዛፍ አውርዶ ማጋደም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ በአምስት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ሃያ ሲሆን ባለቤቴ «ምን ሆነች?» አለችኝ። «ገመዱ ተጠላልፎባት ይሆናል» አልኳት። አርባ ሲሆን አልጠየቀችኝም፤ ሞተሩ ላይ ተደግፋ፣ ቀሚሷ ግራሶ እየነካው፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ጋጋሪዋም ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ «አሁን እኔም አልሰማህ» እያለች ድምፅዋ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ። አሁን ከፌንጣ ጋር የሚያገናኘን ሰው አልነበረም። ያለችውን አንድ መስመር ራሴ ያስቆረጥኳት መሰለኝ።

በሩ ተንኳኳ። የስድስተኛ ፎቁ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው፤ በሁለት እጃቸው ዘንቢል ይዘው ያለከልካሉ።

«ስድስት ፎቅ በእግሬ! በዚህ ሕንፃ ሕግ የለም እንዴ? ሊፍቱን ያጠፋው ማን ነው?»

ባለቤቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «ልጃችን ገደል ውስጥ ናት» አለቻቸው። «ሊፍቱ ሲዞር ድምፅዋን አንሰማም።»

ዳኛው ዘንቢሉን እዚያው ደረጃው ላይ አስቀመጡት። «ሌላ የሚያስቸግራችሁ አለ?»

«ከሥር ያለው የውሃ ፓምፕ ይጮሃል» አልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር።

እየሮጡ ወረዱ፤ በዚያ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። ጥቂት ቆይቶ ፓምፑ ጸጥ አለ። ከዚያ የአራተኛ ፎቋ ስፌት መኪና፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው አንድ የሚያፏጭ ነገር፣ አንድ በአንድ ከጆሮዬ ወጡ። ሰውየው በየበሩ እያንኳኩ ሕንፃውን ሁሉ ዝም አሰኙት።

ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን፣ ከተቋረጠች ሰባ ደቂቃ በኋላ፣ ፌንጣ መጣች።

እንዴት ብዬ ልናገረው። ቀጭን አልነበረም። ጎረቤት ክፍል ተቀምጣ የምትመታ ይመስል ነበር። «አባዬ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ቁጥሮቹን፣ አንድ በአንድ፣ በጣም በዝግታ። እኔ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ባለቤቴ በስልኩ ትደግማለች፣ አስተባባሪው ወዲያ ማዶ ይደግማል። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስንደርስ «በቃ፣ ተነስታለች!» ሲል እኔም ከስልኩ ሰማሁት። «ሃምሳ ደቂቃ ትበርራለች። አንድ ሰው ተኝቶ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ነው የምታሳፍረው። የሚተኛው ሾፌሩ፣ የምትቀመጠው ልጅዎ። ልክ ነው?»

ባለቤቴ በደስታ እንባዋ እየወረደ ወደ እኔ ዞረች። «ልክ ነው ልበላቸው?»

ልክ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በሞርስ የሚመታ ሰው ሁሉ የራሱ እጅ አለው፤ ልክ እንደ ጽሑፍ። የፌንጣን እጅ ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ፤ ይቸኩላል፣ የቃሉን ጫፍ ከሚቀጥለው ጋር ያጋጫል፣ መጨረሻ ላይ ይጎትታል። አሁን የሰማሁት እጅ የእሷ አልነበረም። እንደ ጀማሪ ተማሪ ነጥብ በነጥብ የሚሄድ፣ የሚያርፍ፣ እንደገና የሚነሳ እጅ ነው። ደክሟት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቁጥሮቹ ውስጥ ግን አራት ነጥብ መሆን ባለበት አምስት መትታ፣ ሰርዛ ደግማዋለች። ሁለት ጊዜ። ሕፃን እያለች በሁለቱም እጇ እንድትለምድ ስላት፣ በግራዋ በመታች ቁጥር አንዲት ነጥብ ትጨምር ነበር። በቀኟ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

«ቆይ፣ አትመልሺላቸው» አልኩ ባለቤቴን። መምቻውን ያዝኩ። «ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ?» ብዬ ላክሁ።

ጸጥታ። ከዚያ «ደህና።»

«በግራሽ ነው የምትመቺው።»

ረጅም ጸጥታ። ከዚያ በዚያ በማያምርባት እጅ «ለእማዬ አትንገር» አለች።

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሆዴ። ጠንክሯል። ጋሼ ይቅደም። እሱ ሰባት ልጅ።»

ባለቤቴ ሞርስ አታውቅም። ለዚህ ሁሉ ዓመት «የምስጥ ኳኳታ» ስትለው ኖራለች። ዓይኔ ውስጥ ገብታ «ምን አለች?» አለችኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ልጄ ለማዕከሉ የላከችው መልእክት «እኔ ደህና» የሚል ነው፤ እሱን እንዳለ ማስተላለፍ ነበረብኝ። ተቀምጣ ትሄዳለች፣ ሾፌሩ ተኝቶ ይሄዳል፣ ሁለቱም ዛሬ ይወጣሉ፤ እሷ ከደረሰች። የሰማሁትን ከተናገርኩ ግን ሁለት የሚተኛ ሰው ሊኖር ነው፣ ቦታው ደግሞ አንድ ነው። ከአፌ የሚወጣው ቃል አንዱን አሳፍሮ ሌላውን እንደሚያስቀር እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። አላውቅም ነበር ብዬ አልሸነግልም። የዚያ ሾፌር ፊት ተራ በተራ በተለያየ መልክ ታየኝ፤ ፊቱን አላውቀውምና። ከዚያ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ ቃል በቃል አስተላለፈች። «ሆዷ» የሚለው ላይ ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ።

ስልኩ ላይ ሐኪም መጣች። ሾፌሩ ይናገራል ወይ፣ ደሙ ቆሟል ወይ ብላ አስጠየቀችኝ። ፌንጣን ጠየቅኋት፤ በዚህ አልዋሸችም፣ «ይናገራል። ቆሟል» አለች። ሐኪሟ ብዙ አላሰበችም። «ሆዷ የጠነከረው ትቀድማለች። ውስጧ እየደማ ነው፣ ከተቀመጠች አትደርስም። እሱም እግሩ እንዲያ ሆኖ ተቀምጦ መሄድ አይችልም። የሕክምና ረዳታችን ከሾፌሩ ጋር ያድራል፣ ትልቋ ሄሊኮፕተር ጎህ ሲቀድ ትደርሳለች።»

ላክሁላት። «የምትመጪው አንቺ ነሽ። ሐኪም ናት ያለችው። ጋሼ ጠዋት።»

«አልመጣም።»

«ልጄ።»

«አልመጣም። ጋሼ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ነጥቦቹ ትርጉም አጡ፣ ተበታተኑ፣ ቆሙ።

ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት። ባለቤቴ ትከሻዬን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፣ ጥፍሯ ሸሚዜን አልፎ ይወጋኛል። ስልኩ ላይ አስተባባሪው «ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል» አለ። ዝምታ። «ሃያ ደቂቃ።» ዝምታ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ሆድ ይፍጀው።

ድንገት ማዳመጫዬ ውስጥ ቀጭ አለና የሰው ድምፅ መጣ። በድምፅ ማውራት ከሞርስ ይልቅ ባትሪውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ ለዚህ ነበር ፌንጣ ያልሞከረችው።

«ሄሎ። ሄሎ። ይቺን ስጫናት ነው አይደል የሚሰማው? እሷ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ… አባቷ ነዎት? ሾፌሩ ነኝ።»

«ሰማሁዎት! ሰማሁዎት፣ ይቀጥሉ!»

«ልጅዎ ራሷን ስታለች። ግን ትተነፍሳለች፣ እጄን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ አይቻለሁ። ስሙኝ፣ ያን ሽቦ ስትዘረጋ አይቻታለሁ። በአንድ እጇና በጥርሷ ነው። ትንሽ ትዘረጋና ትተኛለች፣ ተነስታ ደግሞ ትዘረጋለች። ተይ አልኳት፣ አባዬ ነው ያለኝ ብላ እምቢ አለች።» አስለው፣ እረፍት ወሰዱ። «አልሄድም ብላ ስትመታ በአፏም እየተነፋረቀች ትለው ነበር፣ ገባኝ። እሷን ነው የሚወስዱት። እምቢ ብትል እንኳ እኔ እምቢ ብያለሁ በሏቸው፤ እኔን ያለፈቃዴ የሚያነሳኝ የለም፣ መቶ ኪሎ ነኝ።»

ሳቁ። ያ ሰው እዚያ ሆኖ ሳቀ።

«ወንድሜ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ወንድሜ፣ የማደርስልዎት መልእክት አለ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለባለቤቴ ንገሩልኝ» አሉ። «ጠዋት ስወጣ ያልኳት ነገር…»

ተቋረጠ። ባትሪው አልቆ ነበር። ቃሉን እንዳለ መዝገቤ ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩም ሰዓቱን።

ሄሊኮፕተሯ በተጋደመው ሽቦ ላይ ፌንጣ ያንጠለጠለቻትን ቀይ ሹራብ አይታ ወረደች። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ልጄ ከገደሉ ወጣች፣ በዚያው ምሽት ጣፊያዋን አወጡላት፣ ተረፈች። ሾፌሩ የነፍስ አድን ሰዎቹ ሲደርሱ መናገር አቁመው ነበር፤ በጣታቸው ወደ እሷ ብቻ ነው ያመለከቱት። ረዳቱ ሌሊቱን ሙሉ እጃቸውን ይዞ አብሯቸው አደረ። ትልቋ ሄሊኮፕተር ስትደርስ ግን ሕይወታቸው አልፎ ነበር። ሐኪሟ በኋላ «ያን ማታ ቢወጡም ላይተርፉ ይችሉ ነበር» አለችን። «ይችሉ ነበር» አለች እንጂ «አይተርፉም ነበር» አላለችም፤ ቃል መቁጠር ልማዴ ስለሆነ አስተውያለሁ።

ፌንጣ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ጋሼስ?» ብላ ነው። ነገርኳት።

«የላክሁትን ነው ያስተላለፍከው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ፀጉሯን ትዳብስላት ጀመር፣ እኔ ግን ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ተርፋ ተቆጣችኝ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ቢሆንም አንጀቴ ተቃጠለ።

በሳምንቱ የሾፌሩን ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። ሁለት ክፍል፣ ንጹሕ፣ ግድግዳው ላይ የሰባት ልጆች ፎቶግራፍ። ባለቤታቸው ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ወንበር አቅርበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሌላ ነገር ከማለቴ በፊት ልጄ እንድትቀድም ያደረገውን ነገር የተናገርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ሳላሳምር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጅዎ ተረፈች?» አሉ።

«ተርፋለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አለማለታቸው አልገባኝም፣ ዛሬም አይገባኝም። መዝገቤን አውጥቼ «ለእርስዎ መልእክት አለ» አልኩና አነበብኩ። «‹ለባለቤቴ ንገሩልኝ። ጠዋት ስወጣ ያልኳት ነገር›።»

«ከዚያስ?»

«ባትሪው አለቀ።»

«ጠዋት ሲወጣ ተጣልተን ነበር» አሉ። «‹አንቺን ያገባሁ ቀን ዓይኔ ታውሮ ነበር› አለኝ። በሩን ወርውሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እና ምን ሊል ነበር? አባቴ፣ እርስዎ ሲናገር ሰምተውታል። ምን ሊል ነበር?»

«ተጸጽቻለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብጨምር ማን ያውቅብኛል? ለልጄ ብዬ ሕጉን አፍርሼ የለም እንዴ? ለዚህች ሴት ባፈርሰው ምን ነበረበት? ግን ለልጄ ያስተላለፍኩት የሰማሁትን ነው። ይህን አልሰማሁትም።

«ቃሉን አላውቅም» አልኳቸው። «አልደረሰኝም። ድምፃቸውን ግን ሰምቻለሁ።»

ቀና አሉ።

«ከዚያ በፊት ጮክ ብለው ነበር የሚያወሩት፣ ሲቀልዱም ጭምር። ስለ እርስዎ ሲጀምሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በጣም ዝቅ አደረጉ፣ ማዳመጫውን በእጄ ወደ ጆሮዬ መግፋት ነበረብኝ።»

ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሲያፍር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሲያፍር ነው እንዲያ የሚናገረው።»

ከዚያ አለቀሱ። እኔም መዝገቤን ጉልበቴ ላይ እንደከፈትኩ አብሬያቸው አለቀስኩ።